ዊንዶውስ፣ ኡቡንቱ እና የአባባ 61 ገጾች

እኛ ቤት ኮምፒውተሩ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዳንቴል ለብሶ ነው የሚቀመጠው። የአዳማ አቧራ አይታመንማ! አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ ፕሮሰሰሩ አራተኛ ትውልድ፣ ራሙ 4 ጊጋ። ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት ዓመታት አሳልፏል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነጻ ጥገና አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የእኛው ሽማግሌ ሁለቱንም የለውም። እናስ? እንጣለው?

ልጆች ሳለን ኮምፒውተር ማለት ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር፤ ያ አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ። ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መኖሩንም አናውቅም። የኤክስፒ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ሲያበቃ በየኢንተርኔት ካፌው ለቅሶ የተቀመጠ አልነበረም፤ ሁሉም እንደ ወትሮው ሠራ። ለፈቃድ ከፍሎ የሚያውቅ ሰውም በሰፈራችን አልገጠመንም (እኛም ከሰፈሩ ነን)።

ስለ ማክ ብዙ አናወራም። ከአሜሪካ የመጣች የአክስታችን ልጅ ይዛ መጥታ ለሁለት ሳምንት ነክተነዋል። ያምራል፣ አማርኛውንም ያለ ምንም ጭነት ያነባል፣ ዋጋውን ስንሰማ ግን ቀስ ብለን መለስንላት።

የቀረን ኡቡንቱ ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የጀመረው፣ በ1997 ዓ.ም. የወጣ፣ በነጻ የሚታደል ሊኑክስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲዲውን በፖስታ ለጠየቀ ሁሉ ያለ ክፍያ ይልኩ ነበር። የእኛ ቀለል ያለው ዓይነቱ ነው፤ ሉቡንቱ ይባላል። ከፍላሽ ላይ ጫንነው፤ ሽማግሌውም ተነሣ!

ጎረቤት ያወቀን በፍላሽ ነው። ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ትዝ ይላችኋል? ፋይሉን አያጠፋውም፤ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ስትጫኑት ራሱን ያስነሣል። ሊኑክስ ያንን የመደበቂያ ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የተደበቀውን ሁሉ ፊት ለፊት ያሳያል። ለዊንዶውስ የተጻፈውም ቫይረስ እዚያ አይነሣም። እትዬ አንዷ የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ እንዲህ አገኙ፤ ከዚያ በኋላ በራችን አልተዘጋም። አማርኛ መጻፍም አላስቸገረን፤ በእንግሊዝኛው ፊደል "ሰላም" የሚለውን በድምፁ ትነካላችሁ፣ ይመጣል።

የመብራቱ ነገር ለሁሉም እኩል ነው። ከሰፈራችን ቀና ስንል የነፋስ ተርባይኖቹ ሲሽከረከሩ እናያለን፣ ቆቃ ግድብም ሩቅ አይደለም፤ መብራት ግን ይጠፋል። ይህን የሚችል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ገና አልተሠራም።

እንዲህ ተመቻችተን ሳለን አባባ "እስቲ የእድሩን ታሪክ ክፈቱልኝ" አለን። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። የሰፈሩን እድር ታሪክ በእጁ ጽፎ፣ በ1996 ዓ.ም. በአንድ የጽሕፈት ቤት አስተይቦት ነበር፤ 61 ገጽ። የእጅ ጽሑፉ ቤት ስንቀይር ጠፍቷል። የቀረው ፋይሉ ብቻ ነው።

ከፈትነው። የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት... አንድም ፊደል የለም። አባባ ዝም አለ። "ጠፋ ማለት ነው?" አለ በመጨረሻ።

አልጠፋም። የዚያን ጊዜዎቹ የግዕዝ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ የእኛን ፊደል ሥዕል የሚያስቀምጡ ነበሩ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ነው፤ ለዓይናችን ፊደል የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፊደላችን ብዙ ስለሆነም አንዱ ፎንት አልበቃ ብሎ በሁለት በሦስት ይከፋፈል ነበር። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ቢያገኝም የየጽሕፈት ቤቱ ልማድ ቶሎ አልተቀየረም። ጥፋቱ የኡቡንቱ አይደለም፤ ያለዚያ ፎንት ዊንዶውስም ያንኑ ነው የሚያሳየው። የሚገርመው፣ በዚያው ፎልደር ውስጥ የነበረው የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ የኦሮምኛ ቅጂ እንደ ትናንት ተጽፎ ተከፈተ። ቁቤ የላቲን ፊደል ነውና ማንንም ፎንት አይለምንም። አንድ እድር፣ አንድ ፎልደር፣ ሁለት ዕድል!

ፎንቶቹን ከአንድ የድሮ ተማሪው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አገኘናቸው። ስንጭናቸው ጽሑፉ በኡቡንቱም ተነበበ። አባባ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ግን ኮፒ አድርገን ለወንድማችን በቴሌግራም ስንልክለት ያው የላቲን ትርምስ ሆኖ ደረሰው። ስለዚህ በዩኒኮድ እንደ አዲስ እየጻፍነው ነው፤ ማታ ማታ፣ አባባ እያነበበ፣ እኛ እየተቀባበልን። ገጽ 23 ላይ ደርሰናል። ትናንት እማማ "ናዝሬት የሚለውን ሁሉ አዳማ በሉት እንጂ" አለች። አባባ "ያኔ የጻፍኩት እንደዚያ ነው፣ አትንኩት" አለ። ክርክሩ ሳያልቅ መብራት ጠፋ። ሴቭ አድርገን ነበር።