ተሲያትና ዘብ በመተማ ቆላ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ አዘዞን አልፎ አይከል እስኪደርስ ድረስ የደጋው ነፋስ አይለየውም። ከዚያ ወዲያ ግን ምድሪቱ ቁልቁል ትወርዳለች። ነጋዴ ባሕርን፣ ገንዳ ውኃንና ኮኪትን አልፎ መተማ ዮሐንስ ሲገባ፣ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ አገር ተነሥቶ 700 ሜትር ያህል ወደ ሆነ ቆላ ወርዷል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ጥቂት አይደለም። በዚህ አገር ቀኑን የምትገዛው ፀሐይ ናትና፣ ሰው የሚሠራበትም የሚያርፍበትም ጊዜ በእርስዋ ይለካል።

እኛም ወደዚህ አገር በወረድን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ልባችንን የሳበው የሰዓቱ አጠራር ነው። ቀትር ሲሆን መንገዱ ጭር ይላል፤ ከብቱ ከዛፍ ሥር፣ ሰዉም ከዳስ ጥላ ይጠጋል። ሥራው የሚቀጥለው ተሲያት ሲሆን ነው። ይህ «ተሲያት» የሚባለው ቃል የገበሬ ቃል ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው። በግእዝ ዘጠኝ ቍጥር «ተስዐቱ» ይባላልና፣ ዘጠነኛው ሰዓት በጸሎት ጊዜያት ቍጥር «ተሰዓት» ተባለ፤ በሕዝቡም አፍ ሲመላለስ «ተሲያት» ሆነ። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት ተብለው ከሚቈጠሩት ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አራተኛው ይህ ነው። መድኃኒታችን በመስቀል ላይ ሳለ ነፍሱን ከሥጋው የለየበት ሰዓት ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡት፣ ለመቶ አለቃው ለቆርኔሌዎስም መልአክ የተገለጠለት በዚሁ ሰዓት ነበር። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰውም እስከዚህ ሰዓት ይታገሣል። እንግዲህ የቆላው ሠራተኛ ተሲያት ደረሰ ብሎ ማጭዱን ሲያነሣ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም የጸሎት ሰዓትን ስም እየጠራ ነው።

ከከተማው ጫፍ ያለውን ድልድይ የተሻገረ ሰው ገላባት ይገባል፤ እርስዋም የሱዳን ናት። በዚያ ይህንኑ ጊዜ በዐረብኛ «ዐስር» ይሉታል፤ ይኸውም የእስላሞች የከሰዓት በኋላ ጸሎት ስም ነው። የእኛ ሰዓት ከንጋት፣ የእነርሱ ግን ከእኩለ ሌሊት ይቈጠራል። ሱዳንም በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ መለሰች፣ በመተማ ዘጠኝ ሲሆን በገላባት ሁለት ነው። ቍጥሩ ቢለያይም በድልድዩ ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ ተሲያቱን የሰየመው በጸሎት ነው።

የሰዓቱ ስም እንዲህ ከሆነ፣ የጥበቃውስ ስም? ድንበር ያለበት አገር ያለ ጠባቂ አይኖርምና ቃሉ ብዙ ነው። በሰፈር ዘብ ይቆማል፤ ተረኛው «ዋርድያ ነኝ» ይላል፤ የሚዘዋወረው «ሮንድ» ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ከጣልያንኛ የገቡ ናቸው። ከጦሩ ፊት ቀድሞ የሚጠብቀው ቃፊር ነው፤ ሱዳኖችም ጠባቂውን «ገፊር» ይሉታልና ድምፁ ይቀራረባል። በማሽላው መካከል ደግሞ ማማ አለ። ግሪሳ ወፍ የሚበረታው በማለዳና ፀሐይ ስትበርድ ስለ ሆነ፣ ልጁ ወንጭፉን ይዞ ማማው ላይ የሚወጣው በተሲያት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ቃል ግን «ትጉህ» ነው። ዛሬ ትጉህ ስንል ሥራ ወዳዱን ብቻ እናስባለን። በግእዝ ግን «ተግሀ» ማለት ነቃ፣ ሳይተኛ ጠበቀ ማለት ነው። ቅዱሳን መላእክት ትጉሃን የተባሉትም ስለማያንቀላፉ ነው።

መተማ ይህን ቃል በደም ታውቀዋለች። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደር ድረስ ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጦራቸውን አስከትለው መተማ ላይ ተዋጉ፤ በዚያም ቈስለው ሞቱ። ከተማይቱ መተማ ዮሐንስ ተብላ በስማቸው ትጠራለች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች ነፍሳቸውን ለማዳን በዚችው በር ወደ አገራችን ገብተዋል። ስለዚህ የበር ጠባቂነት ጠላትን መመለስ ብቻ ሳይሆን የተሰደደውን መቀበልም ነው።

ዛሬ በዚህ ቆላ በቍጥር የሚበዛው ጠባቂ ወታደሩ አይደለም፤ በመከር ወራት ከደጋው ወርዶ ሰሊጥ የሚያጭደው ወጣት ነው። ሰሊጥ ታጭዶ ነዶው ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ ይደረጋል። ሲደርቅም ፍሬው አፉን ይከፍታል፤ ነፋስ ወይም ከብት የነካው እንደ ሆነ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሌሊቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ከመሸ በኋላ ግን ከዛፉ ሥርና ከጥቍሩ አፈር ስንጥቅ የምትወጣ ትንሽ የአሸዋ ዝንብ አለች፤ ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው እርስዋ ናት። ትኵሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ሰውነቱ የከሳ፣ በግራ ጎኑ ጣፊያው ያበጠ ሰው ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ በሽታው ካልታከመ ይገድላልና። ወደ ቆላ የሚወርድ ልጅ ከስንቁ ጋር አጎበር ይያዝ።

ተሲያትና ጥበቃ ከቶ የማይለያዩ መሆናቸውን የምታሳየን ዋዜማ ናት። የበዓሉ ጥበቃ የሚጀመረው በዋዜማው ቀን ከተሲያት በኋላ ደወል ሲደወል ነው፤ ማኅሌቱም ሌሊቱን ይቀጥላል። በዚሁ ቆላ ባለው በማኅበረ ሥላሴ ገዳም አባቶች ለጸሎት ሲነቁ፣ በሰሊጡ እርሻም ወጣቱ ነቅቶ ያድራል። ሁለቱም ትጉሃን ናቸው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ «ከሰዓት» ማለት በለመደው ቤታችን «ተሲያት» የሚለውን ቃል ከነምሥጢሩ ለልጆቻችን እናስተምር። በዘጠኝ ሰዓት አንድ አቡነ ዘበሰማያት መድገም ሥራ አያስፈታም። ልጃችን ከቆላ ሲመለስም፣ ስንት አመጣህ ከማለታችን በፊት እንዴት ዋልህ፣ እንዴት አደርህ ብለን እንጠይቀው። ይህ ሰላምታ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው፤ መልሱንም ቆመን እንስማው።