ተልዕኮና ሦስት ፕሮፎርማ

1
በር ላይ ያለው የእንግዳ መዝገብ አራት ዓምድ አለው፤ ስም፣ የመጡበት መሥሪያ ቤት፣ የሚያነጋግሩት ሰው፣ ሰዓት። ድርጅቱ የተቋቋመው የአካል ጉዳተኛ ልጆችን እናቶች ለመርዳት ነው። አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ጥበቃው "ከየት መሥሪያ ቤት?" ብሎ ጠየቃት። ዝም አለች። "የግል" ብሎ ሞላላት። ቀጥሎ ቀጠሮ እንዳላት ጠየቃት። አልነበራትም።

2
እዚያው ድርጅት። የአንድ ልጅ ዊልቸር ጎማው ተበላሸ። ለግዢው ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል ተባለ። ፕሮፎርማ ለመሰብሰብ የወጣው የታክሲ ሒሳብ ከጎማው ዋጋ በለጠ። ወረቀቱ እስኪሟላ ልጁ ትምህርት ቤት አልሄደም። በዚያው ሰሞን ቢሾፍቱ ላይ ለሚሰጥ የሁለት ቀን ሥልጠና የሆቴል ክፍያ ጠዋት ተጠይቆ ከሰዓት ጸደቀ። ሥልጠናው ስለ አካል ጉዳተኞች ተሳትፎ ነበር።

3
የዚህ ድርጅት ፋይናንስ ኃላፊ በሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ ነው። ሌሊት ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል። ድንኳኑ ይተከላል፤ ገንዘቡ በዕለቱ ሐዘንተኛው እጅ ይገባል። ሒሳቡ በወሩ ስብሰባ አባላት ፊት ይነበባል፤ ደረሰኝ የጎደለበት ይጠየቃል፤ ያጠፋ ይቀጣል። ስለ ጎማው ጠየቅሁት። "አሠራሩ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?" አለኝ። እድሩም አሠራር አለው።

4
የአንድ ድርጅት የሥራ ማስታወቂያ። የሥራ ቦታ፦ አፋር ክልል። እንግሊዝኛ መጻፍና መናገር ግዴታ ነው። አፋርኛ መቻል "ተመራጭ ያደርጋል"።

የተቀጠረው ልጅ ከአዲስ አበባ ሄደ። ጎበዝ ነው፤ ሪፖርቱ ንጹሕ ነው። ስብሰባ ላይ የሚያስተረጉምለት ግን ሾፌሩ ነው። የትኛዋ እናት ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳቆመች፣ የትኛው ሽማግሌ እንደተቀየመ፣ ቦኖው ለምን እንደቆመ የሚያውቀው ሾፌሩ ነው። መኪናው ሊነሳ ሲል ሴቶቹ የሚመጡት ወደ እሱ መስኮት ነው። ስሙ ግን ከነዳጅ መመዝገቢያው ሌላ የትም አይገኝም። የሥራ አፈጻጸሙ የሚለካው አደጋ ባለማድረስና በመኪና ንጽሕና ነው። አበሉም የሾፌር አበል ነው። ኮንትራቱ ሊቋረጥ ነው ሲባል የአካባቢው ሽማግሌዎች ቢሮ ድረስ መጥተው ለመኑ።

ይህን ሰው በማኅበረሰብ ባለሙያነት መቅጠርን የሚከለክል ሕግ የለም። ያገደው የዲግሪ መስፈርቱ ብቻ ነው።

5
አዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል። ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. መሠረቱት። ሕክምናው በነጻ ነው። እዚያ ታክመው ከዳኑት ሴቶች መካከል በረዳት ነርስነት የተቀጠሩ አሉ፤ አዲስ የመጣችውን ታካሚ የሚንከባከቧት እነሱ ናቸው። ማሚቱ ጋሼ የሐምሊኖቹ ታካሚ ነበሩ። መደበኛ ትምህርት አልነበራቸውም። የፌስቱላ ቀዶ ሕክምናን ከሐምሊኖቹ ተምረው ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደረሱ።

6
አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሥራቸውን አልለወጡም። ቅርንጫፍ ዘጉ፤ ሠራተኛ ቀነሱ። ሌሎች ደንባቸውን አሻሽለው ወደ ልማት ዞሩ። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ሲወጣ ክልከላው ተነሳ። ወደ ልማት ከዞሩት የአንዱን ኃላፊ ለምን እንዳልተመለሱ ጠየቅሁ። "አሁን ያለን የልማት ባለሙያ ነው" አለኝ።

7
በቀድሞው አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። የፕሮጀክት ክትትል ሳይቀር በአስተዳደር ወጪ ይቆጠር ነበርና ክትትሉ ሳሳ። አዲሱ አዋጅ ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ አወረደው፤ ከፕሮጀክት ጋር የተያያዘውን ወጪ ግን ከአስተዳደር ወጪ አወጣው። የክትትል ጉዞው ተመለሰ። አንድ ቡድን አጅቤ ሄጄ ነበር። መኪናው የወረዳው ከተማ ላይ ቆመ፤ አስፋልቱ የሚያልቀው እዚያ ነው። ሪፖርቱ "በመስክ በአካል ተገኝተን አረጋግጠናል" ይላል።

8
የልብስ ስፌት የሠለጠነች አንዲት ሴት በሦስት ድርጅቶች ሪፖርት ውስጥ አለች። የስፌት መኪና የላትም።

9
ጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አገደ። በዕርዳታው ሕክምና ይሰጥ የነበረ አንድ ድርጅት በዚያው ሳምንት ለሌሎች ለጋሾች ደብዳቤ ጻፈ፤ ሠራተኞቹንም ሰብስቦ ነገራቸው። ለታካሚዎቹ የነገራቸው የለም። በቀጠሯቸው ቀን መጥተው በሩን ተዘግቶ አገኙት። ከበሩ ውጭ ቆማ ስማቸውን እየጠራች የት መሄድ እንዳለባቸው ትነግራቸው የነበረችው የቤት ለቤት አገልግሎት ሠራተኛዋ ናት። ደመወዟ ቆሟል። ስማቸውን በቃሏ ታውቀዋለች።

10
በማኅበርነት የተቋቋመ ድርጅት የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ያየኋቸው ጉባኤዎች ግን የተካሄዱት አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ፣ በስላይድ፣ ግማሹም በእንግሊዝኛ ነው። የእንዲህ ያለ ድርጅት አባል የሆናችሁ ሁሉ፣ የዘንድሮው ጉባኤ ድርጅቱ በሚሠራበት ወረዳ ይካሄድ ብላችሁ ጠይቁ። ተጠቃሚዎቹ ይጠሩ። ዕቅዱም ሒሳቡም በሚሰሙት ቋንቋ ይነበብላቸው፤ ከአባላቱ በፊት የሚናገሩት እነሱ ይሁኑ።