ቦክሱ አልሞተም፣ ርቦት ነው

በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ዕቃው ትንሽ ይሁን እንጂ ቤታችንን ሦስት ሳምንት ሙሉ አስጨንቆ ነበር። የክፍሌን ልጆች ስጠይቅ አንዳንዶቹ «የኛም ቤት ያለው እኮ ራሱን እያጠፋ ይነሳል» አሉኝ። ስለዚህ የእኛ ቤት ነገር ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

ዕቃው አንድሮይድ ቦክስ ይባላል። የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ሣጥን ነው። ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ተራው ቴሌቪዥን ዩቲዩብም ቴሌግራምም ያሳያል። ከዲሽ ሪሲቨር የሚለየው ምስሉን ከሳተላይት ሳይሆን ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ነው።

እኛ ቤት ቦክሱ ለፊልም ብቻ አይደለም። አክስቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እሁድ እሁድ ዕረፍት ስታገኝ ራሷን በቪዲዮ ቀርፃ በቴሌግራም ትልክልናለች። አያቴ ደግሞ ዓይኗን ሞራ ስለጋረዳት ስልክ ላይ ያለ ሰው አይታያትም። በቴሌቪዥን ሲሆን ግን ወንበሯን አስጠግታ ታያለች። ቦክሱንም የላከችልን ያቺው አክስቴ ናት፣ ሰው ሲመጣ አስይዛ።

አንድ እሁድ ቪዲዮውን ከፈትን። አክስቴ «እማዬ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ...» ስትል ስክሪኑ ጥቁር አለ። ትንሽ ቆይቶ የቦክሱ አርማ መጣና እንደ አዲስ ተነሳ። ደግመን ከፈትነው። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ጠፋ። ያን ቀን ሰባት ጊዜ ሞከርን፣ ሰባቱንም ጊዜ ጠፋ። በመጨረሻ ድምፅዋን በስልክ አሰማናት። አያቴ ግን «ድምፅማ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የሚለው። እኔ ፊቷን ካላየሁ አላምንም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ በቅጡ አትበላም ነበር። በሚቀጥለው እሁድም እንደዚያው ሆነ።

አጎቴ ቦክሱን ይዞ አንድ ጥገና ቤት ሄደ። ሠራተኛው ሰክቶ እንኳን ሳያየው «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ» አለው። አዲሱ 4,500 ብር ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች እያስረከበች ነው የምታስተምረን፤ 4,500 ብር ለእኛ ቀላል ብር አይደለም። አጎቴ «እሷው ትላክልን» ሲል እናቴ «እዚያ የምትደክመው ለቦክስ ነው እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

በዚያ ሳምንት የሳይንስ መምህራችን ስለ ሙከራ አስተማሩን። «ሁለት ነገር ባንዴ ከቀየራችሁ ለውጡን የቱ እንዳመጣው አታውቁም። አንድ በአንድ ቀይሩ፣ የሆነውንም ጻፉ» አሉን። እኔ ያን ጊዜ ወዲያው የታየኝ ቦክሱ ነው። ቤት ገብቼ በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ። በአንድ በኩል ምን እንደቀየርኩ፣ በሌላ በኩል ስንት ደቂቃ እንደቆየ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሙቀትን ነው። ቦክስ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር በጣም ሲግል ራሱን ለማዳን ሊያጠፋ ይችላል። የእኛው ደግሞ ዳንቴል ለብሶ ነበር። ዳንቴሉን አነሳሁ፣ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ፣ ከሥሩ አየር እንዲገባ ሁለት የክብሪት ቀፎ አደረግኩለት። ከዚያ ጠዋት በብርድ ከፈትኩት። ሦስት ደቂቃ ቆየና ጠፋ። በእጄ ስነካው ገና ቀዝቃዛ ነበር። ስለዚህ ሙቀት አይደለም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ኢንተርኔት ነው። አጎቴ «ኔትወርኩ ነው» ይል ነበር። ግን ኔትወርክ ሲደክም ስክሪኑ መሃል ላይ ክብ ነገር ይዞራል እንጂ ቦክሱ አይጠፋም። ለማረጋገጥ ዋይፋዩን አጥፍቼ የአክስቴን ቪዲዮ በፍላሽ ሰካሁለት። ጉድ ነው! አንድ ደቂቃ እንኳን አልቆየም። ፍላሽ ሲሰካበት ጭራሽ ባሰበት። ምክንያቱ ስላልገባኝ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት።

ሦስተኛው ሶፍትዌሩ ነው። ሶፍትዌር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ዕቃው ገና ሲነሳ አርማው ላይ ይቸከላል። የእኛው ግን ሁልጊዜ በደንብ ይነሳል። ቪዲዮ ሳልከፍት ዝም ብዬ ዋናው ገጽ ላይ ተውኩት። 40 ደቂቃ ሙሉ ምንም አልሆነም። ፎቶ ከፈትኩ፣ ደህና ነው። ቪዲዮ ስከፍት ግን ጠፋ።

አሁን ደብተሬን አየሁት። ሥራ ሳይበዛበት ደህና ነው፣ ሥራ ሲበዛበት ይወድቃል። ይህ ነገር ቁርስ ሳይበላ የመጣ ተማሪን አይመስልም? ሰልፍ ላይ ቆሞ ምንም አይልም፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሩጥ ሲሉት ያዞረዋል። ቦክሱ አልታመመም ይሆናል፣ ርቦት ይሆናል አልኩ።

ታዲያ ምግቡ ከየት ነው የሚመጣለት? ገመዱን ተከትዬ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ አይደለም የተሰካው። ከቴሌቪዥኑ ኋላ ያለችው ትንሽዬ የዩኤስቢ ቀዳዳ ውስጥ ነው። እናቴን ስጠይቃት «መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የራሱ አዳፕተር ተቃጠለ። ዲሽ ሊያስተካክል የመጣው ልጅ እዚህ ጋ ሰካልን» አለችኝ። ቀኑን ስንቆጥር ቦክሱ መጥፋት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ፣ አትሽሹ። ቮልት የኤሌክትሪክ ግፊት ነው። አምፔር ደግሞ የሚፈሰው መጠን ነው። እኛ የአቃቂ ልጆች ደግሞ ውሃ እናውቃለን፤ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ለአዲስ አበባ ይሄዳል። በግቢያችን ቧንቧ አንድ ሰው ብቻ ሲቀዳ ጀሪካኑ ቶሎ ይሞላል። ሁሉም ቤት ሲከፍት ግን ውሃው ይቀጥናል። የሚፈለገው በዛ፣ የሚመጣው ግን ያው ነው።

ቦክሱ ሥር የተጻፈውን አነበብኩ፦ 5 ቮልት፣ 2 አምፔር። ሁለቱ ሲባዙ ዋት ይሰጣሉ፣ 10 ዋት። የቴሌቪዥኑ ቀዳዳ ጎን ደግሞ 5 ቮልት፣ 0.5 አምፔር ይላል። ይህ 2.5 ዋት ብቻ ነው። አሥር እንጀራ ለተጠራ እንግዳ ሁለት እንጀራ ተኩል ማቅረብ ማለት ነው። ዋናው ገጽ ላይ ሲቀመጥ ሥራው ትንሽ ስለሆነ ይበቃዋል። ቪዲዮ ሲከፈት ግን ፕሮሰሰሩ ብዙ ይሠራል፣ ብዙ ኤሌክትሪክም ይፈልጋል። ከቀዳዳው የሚመጣው ሲያንሰው ግፊቱ ከ5 ቮልት በታች ይወርድና ቦክሱ ይጠፋል። ሲጠፋ ደግሞ ጭነቱ ስለሚቀል መልሶ ይነሳል። ፍላሹም የሚበላው ከዚያችው ትሪ ነው፤ ለዚህ ነው ሲሰካ የባሰበት። በቀይ ያሰመርኩበት ነገር ተፈታ።

ይህን ለቤተሰቡ ሳስረዳ ጎረቤታችን ጋሼ ሰምተው የሪሲቨራቸውን አዳፕተር ይዘውልን መጡ። ጫፉ ቦክሱ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። አጎቴ ሊሰካው ሲል «ቆይ አንዴ ጽሑፉን ልየው» አልኩት። 12 ቮልት ይላል! «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን የእርስዎ 12 ነው፣ የእኛ 5 ነው፤ ቢሰካ ያቃጥለዋል» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «እውነትሽን ነው ልጄ፣ ተባረኪ» አሉኝ። ያኔ ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ የጥገና ቤቱ ሰውዬ ያለው እውነት ይሆን ነበር። ጫፉ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት። አምፔሩ ግን እኩል ወይም በለጥ ያለ ቢሆን ችግር የለውም፤ ዕቃው የሚወስደው የሚበቃውን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር ገበያ ወጥተን 5 ቮልት፣ 2 አምፔር የሚል አዳፕተር በ350 ብር ገዛን። ቤት ስንደርስ ሌላ ምንም ሳንነካ እሱን ብቻ ቀየርን። አንድ ሰዓት ሙሉ ቪዲዮ አጫወትኩ፣ አልጠፋም። ፍላሽ ሰካሁ፣ አልጠፋም። ደብተሬ ላይ «60 ደቂቃ» ብዬ ጽፌ ከበብኩት።

ከዚያ አያቴን ጠራናት። የሦስቱንም ሳምንት ቪዲዮ በተራ አየች። ምንም አልተናገረችም፣ ወንበሯን ብቻ ወደፊት ሳበች። ሲያልቅ «ከስታለች» አለች። ሁላችንም ደነገጥን። ትንሽ ቆይታ «ግን ሳቋ ከልቧ ነው፣ ደህና ናት። በሉ ምሳ አምጡልኝ» አለች። እናቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

አሁን አንድ ጥያቄ ይቀራል። የመጀመሪያው አዳፕተር ለምን ተቃጠለ? መብራታችን ስለሚወዛወዝ ነው። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት መሆን አለበት። ግን ማታ ማታ እናቴም ጎረቤቶቻችንም ምጣድ ሲጥዱ አምፖሉ ይደበዝዛል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። ይህ የ350 ቦክስ ቀለብ ነው! ከሀገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል ያለው እዚሁ በእኛው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ሳካፍለው 1,885 ምጣድ ባንዴ ቢጣድ ሙሉውን ይጨርሰዋል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ ግን 5,150 ሜጋ ዋት ነው።

«ታዲያ ይህን ያህል ካለን ለምን ይደበዝዛል?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ከቦክሱ ጋር አንድ ነው። ቴሌቪዥኑ የተሰካበት ግድግዳ ላይ ብዙ ኃይል አለ፤ ግን ቦክሱ የሚያገኘው በትንሿ ቀዳዳ የሚያልፈውን ብቻ ነበር። ሰፈርም እንደዚያ ነው። ግድቡ ትልቅ ቢሆንም እኛ ጋ የሚያደርሰው ሽቦና ትራንስፎርመር ካልበቃ አምፖሉ ይደክማል። ምንጩ ብቻ ሳይሆን መንገዱም መታየት አለበት።

እናንተም ቤት እንዲህ ካጋጠማችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ፦

1. መቼ እንደሚጠፋ ጻፉ። ገና ሲነሳ ነው? ቪዲዮ ሲከፈት ነው? ስንት ደቂቃ ቆይቶ?
2. በእጃችሁ ንኩት። ካቃጠለ አየር ስጡት፣ የለበሰውን አንሱለት።
3. ገመዱን እስከ መጨረሻው ተከተሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ ከተሰካ ወደ ግድግዳ አዛውሩት፣ በራሱ አዳፕተር።
4. የዕቃውንና የአዳፕተሩን ጽሑፍ አስተያዩ። ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ።
5. ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ማስጀመር ይቻላል። ግን ውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድማችሁ አስቡበት።
6. መብራት ሲሄድ ዕቃውን ንቀሉ። ሲመለስም ወዲያው አትስኩ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

አደራ! አዳፕተር ከፍታችሁ እንዳታዩ። ውስጡ 220 ቮልት አለ፤ ሰው ይገድላል። በእርጥብ እጅም ሶኬት አትንኩ። እኔም የሞከርኩት ትልቅ ሰው አጠገቤ ሆኖ ነው፣ የነካሁትም ውጪውን ብቻ ነው።

ጓደኞቼ፣ «ተበላሽቷል፣ ይጣል» ማለት ቀላል ነው። ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ክፍል ውስጥም ፈዞ የተቀመጠ ልጅ ሲያዩ «ሰነፍ ነው» የሚሉ አሉ። ማን ያውቃል፣ እሱም ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ይሆናል። ከመፍረዳችን በፊት ምን እየደረሰው እንደሆነ እንጠይቅ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል