ትንፋሽ ስቈጥር ያደርሁባት ሌሊት

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

«ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ሲባል ከሕፃንነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር። በድርሰት ደብተሬም ውስጥ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ፍቺው የገባኝ ግን በክፍል ውስጥ ሳይሆን በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በአያቴ አልጋ አጠገብ ባሳለፍኋት አንዲት ሌሊት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈውም በዐይኔ ያየሁትን፣ ሐኪሞቹን የጠየቅሁትንና በኋላም በመጽሐፍ ያመሳከርሁትን ነው። በውስጡ ለአያቴ እንኳ እስከ ዛሬ ያልነገርኋት ነገር አለ።

አያቴን ሁላችንም «እምዬ» እንላታለን። እናቴ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ ያሳደገችኝ እርስዋ ናት። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ደብተርና የደንብ ልብስ ገዝታ እዚህ ክፍል አድርሳኛለች። በዚያ ክረምት ጉንፋን ነው ብላ የናቀችው ሳል በስድስት ቀን ውስጥ የሳንባ ምች ሆኖ ጣላት። ሆስፒታል ባደረስናት ጊዜ ትከሻዋ ከፍና ዝቅ ይል ነበር፤ አንድ ቃል ተናግራ ሁለተኛውን ለመጨመር ትንፋሽ ያጥራት ነበር። በጣትዋ ላይ የተደረገው መለኪያ 82 ይላል። ይህም ቍጥር በደም ውስጥ ኦክሲጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከመቶው ስንቱ ኦክሲጅን እንደ ያዘ የሚያሳይ ነው። ጤነኛ ሰው በከተማችን ከፍታ ከ90 በላይ ይገኛል።

በመጀመሪያ በቀጭን የአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ 5 ሊትር ኦክሲጅን ሰጧት። ከዚያም ከረጢት ያለው ጭምብል አድርገው 15 ሊትር አደረሱላት። ቍጥሩ 86 ላይ ቆመ፤ በደቂቃም 38 ጊዜ ትተነፍሳለች። በዚህ ጊዜ ዶክተሯ «ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወስደን ከቬንትሌተሩ ጋር እናገናኛቸዋለን» አለችን።

አጎቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። የኮሮና በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከተገኘበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ በሰፈራችን የዚህ መሣሪያ ስም ከሞት ጋር አብሮ ይነሣ ነበር። «ዶክተር፣ እዚያ መሣሪያ ላይ የተደረገ ሰው ተመልሶ አላየንም። እባክዎ እናታችንን በሰላም ይተዉልን» አላት።

ዶክተሯም በትዕግሥት እንዲህ ስትል መለሰችለት፦ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት በጉሮሮ ቱቦ ገብቶ መሣሪያው ለሰውየው የሚተነፍስበትን አሠራር ነው። እሱም ቢሆን ብዙ ሰው አትርፏል። አሁን የምናደርገው ግን ሌላ ነው። መሣሪያው ያው ቢሆንም የሚተነፍሱት እማማ ራሳቸው ናቸው። እኛ በአፍንጫቸው የሞቀ፣ የረጠበና ብዙ አየር እንሰጣቸዋለን። ያዩዎታል፤ ያነጋግሩዎታልም።»

አጎቴ ዝም አለ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «አንተ የተማርህ ነህ፤ ገብቶሃል?» አለኝ። ገብቶኛል አልሁት፤ ዳሩ ግን አልገባኝም ነበር። የገባኝ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጭንቅ የሚተነፍስ ሰው አየሩን የሚስበው በደቂቃ 30፣ አንዳንድ ጊዜም 60 ሊትርና ከዚያ በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። በቀጭኑ ቱቦ የሚመጣለት 5 ሊትር ብቻ ከሆነ የቀረውን ከክፍሉ አየር ይስባል። የክፍሉ አየር ደግሞ ከመቶው 21 እጅ ብቻ ኦክሲጅን ስለ ሆነ የተሰጠው ኦክሲጅን ይቀጥናል። ፍሰቱ በደቂቃ 50 ወይም 60 ሊትር ሲሆን ግን የሚስበው አየር ሁሉ ማለት ይቻላል ከመሣሪያው ይመጣለታል። ከዚህም በላይ ብርቱው ፍሰት በአፍንጫና በጉሮሮ ውስጥ የቀረውን የተቃጠለ አየር አጥቦ ያወጣል፤ ሳንባንም በጥቂቱ ከፈት አድርጎ ይይዛል።

ይህን ያህል ደረቅና ቀዝቃዛ አየር በአፍንጫ ቢነፋ ማንም አይችለውም፤ አክታውም ደርቆ ይጋገራል። ስለዚህ አየሩ መሞቅና መርጠብ አለበት። በ37 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር አየር 44 ሚሊግራም ያህል የውኃ እንፋሎት ይይዛል፤ በጤነኛ ሰው ሳንባ ውስጥ ያለውም አየር እንደዚሁ ነው።

ሲስተር መሣሪያውን ስታዘጋጅ እኔ አጠገብዋ ቆሜ ነበር። በመጀመሪያ ሲሊንደሩ ሙሉ መሆኑን፣ ኤሌክትሪኩና ባትሪው መሥራታቸውን አየች። ያ መሣሪያ የክፍሉን አየር በውስጡ ባለ ማራገቢያ ይስባል፤ ኦክሲጅኑን ከሲሊንደሩ ተቀብሎ በታዘዘው መጠን ያደባልቃል። ቬንትሌተር በተለመደው ሥራው ሁለት ቱቦዎች አሉት፤ አንዱ አየር ይሰጣል፣ ሌላው የተተነፈሰውን ይመልሳል። ለዚህ አሠራር መመለሻው ስለማያስፈልግ አወጣችው። የቀረውን ቱቦ ከመሣሪያው መውጫ ወደሚሞቀው የውኃ ዕቃ፣ ከዚያም ማሞቂያ ሽቦ ባለበት ቱቦ ወደ አፍንጫው ካኑላ አደረሰችው።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ያዝልኝ» ብላ የውኃውን ከረጢት ሰጠችኝ። «የቧንቧ ውኃ አይደለም፤ ተጣርቶ ከጀርም የጸዳ ነው። በሰዓት ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ይጨርሳልና ሲያልቅ ካየህ ንገረኝ።» ከዚያም በመሣሪያው መስኮት ላይ የከፍተኛ ፍሰት ኦክሲጅን የሚለውን አሠራር መረጠች። ሙቀቱን 37 አደረገች። የአፍንጫውን ቀዳዳ ከግማሹ እምብዛም የማይሞላ ካኑላ መርጣ፣ አየሩ እስኪሞቅ ጠብቃ፣ «እማማ፣ እንደ ነፋስ ይሆንብዎታል፤ አይደንግጡ፤ አፍዎን ገጠም አድርገው በአፍንጫዎ ይሳቡ» አለቻት። ፍሰቱን ከ30 ሊትር ጀምራ በዝግታ 50 አደረሰችው። ኦክሲጅኑም በ80 ከመቶ ተጀመረ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበር።

አጎቴ ወዲያው «ለምን መቶ አይሞላም?» ሲል ጠየቀ። እኔም በልቤ ይህንኑ አስብ ነበር። ዶክተሯ ሁለት ምክንያት ነገረችን። አንደኛው፣ ኦክሲጅን ሲበዛና ሲሰነብት ሳንባውን ራሱ ይጎዳል። ሁለተኛው፣ ሲሊንደሩ ያልቃል። እኔም ሒሳቡን በደብተሬ ሠራሁት። አንድ ትልቅ ሲሊንደር ወደ 6,000 ሊትር ኦክሲጅን ይይዛል። በ5 ሊትር ፍሰት 20 ሰዓት ይበቃል። በ50 ሊትር ፍሰት 60 ከመቶ ቢደረግ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ መቶ ቢደረግ ግን በሁለት ሰዓት ያልቃል። በአጠገባችን አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ አባት ነበሩ፤ ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጃቸውም ያንኑ ሲሊንደር እንደኛው በዐይንዋ ትከተል ነበር። ከዚያ ወዲያ መቶ ይሁን ብዬ አላሰብሁም።

ዶክተሯ የበሽተኛው መሻሻል የሚታወቅበትን ሒሳብም አሳየችኝ። ሮክስ ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ኦሪዮል ሮካ የሚባል የስፔን ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የሳንባ ምች ባለባቸው ሰዎች ላይ አጥንቶ መጠኑን አሳይቷል። በጣት ላይ የሚታየውን ቍጥር በሚሰጠው የኦክሲጅን መጠን ማካፈል፣ ያን ደግሞ በደቂቃ በሚተነፍሰው ቍጥር ማካፈል ነው። በሁለተኛው፣ በስድስተኛውና በዐሥራ ሁለተኛው ሰዓት 4.88 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በጉሮሮ ቱቦ የመግባቱ አስፈላጊነት ያነሰ ይሆናል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የእምዬ ቍጥር 92፣ ኦክሲጅኑ 60 ከመቶ፣ ትንፋሽዋ 32 ነበር። ሒሳቡ 4.79 መጣ። ሦስት ጊዜ ደግሜ አካፈልሁት፤ አልተለወጠም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ግን 93፣ 50 ከመቶና 28 ስለ ሆነ ሒሳቡ 6.64 ደረሰ። ልቤ ዐረፈ። ጥፋቴም የጀመረው ልቤ ባረፈበት ጊዜ ነው።

የጣቱ መለኪያ በተንሸራተተ ቍጥር ደወሉ ይጮኽ ነበር። ሲስተር መጥታ ታስተካክልና ድምፁን ለጊዜው ታጠፋዋለች። ይህን ደጋግሜ ስላየሁ ቍልፉን ለየሁት። እምዬ እንዳትረበሽ ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ራሴ አጠፋሁት፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ምክንያቱ መለኪያው ብቻ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ደወሉ እንደገና ጮኸ። እኔም ዐይኔን በቅጡ ሳልገልጥ፣ ወደ እርስዋ ሳልመለከት፣ እጄን ሰድጄ ቍልፉን ተጫንሁትና ጭንቅላቴን መልሼ በአልጋው ጠርዝ ላይ ጣልሁ።

የቀሰቀሰኝ እጅዋ ነው። እጅጌዬን ይዛ ትጎትት ነበር። መናገር አልቻለችም። ከንፈርዋ ጠቍሯል፤ የአንገትዋ ሥር በየትንፋሹ ይሰረጕዳል። ካኑላው ከአፍንጫዋ ወጥቶ በጕንጭዋ ላይ ተጋድሟል። መሣሪያውን አየሁት። ፍሰቱ 50 ሊትር ይላል፤ ኦክሲጅኑ 50 ከመቶ ይላል። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ ነገር ግን አየሩ የሚነፍሰው ወደ ትራሱ ነበር። የጣትዋ ቍጥር 74 ነው።

«ሲስተር!» ብዬ ጮኽሁ። ሲስተር ከሌላ አልጋ ሮጣ መጣች፤ ካኑላውን መለሰች፤ ማሰሪያውን አጠበቀች፤ ኦክሲጅኑን ለጊዜው ወደ 80 ከፍ አደረገች፤ እጅዋንም በእምዬ ደረት ላይ አድርጋ ቆጠረች። ቍጥሩ 79፣ 84፣ ቀጥሎም 90 ሆነ። በዚያን ጊዜ ያለቀስሁትን ያህል ከዚያ በፊት አልቅሼ አላውቅም።

ሲስተር አልተቈጣችኝም። «ደወሉን የዘጋኸው አንተ ነህ?» አለችኝ። አዎን አልኋት። «ሁለተኛ እንዳትነካው፤ ሲጮኽ እኔን ጥራ። ይህ መሣሪያ በጉሮሮ ቱቦ ሲሠራ የሰውን ትንፋሽ ይለካል። በዚህ አሠራር ግን አይለካም፤ አየሩ አፍንጫ ይግባ፣ ትራስ ላይ ይፍሰስ አያውቅም። ትንፋሽ ቢቆምም አይተነፍስላትም። ደረትዋን እይ፤ ቍጠር» አለችኝና ሰዓትዋን ፈትታ ሰጠችኝ።

እስኪነጋ ድረስ ቆጠርሁ። በየሩብ ሰዓቱ አንድ ሙሉ ደቂቃ ደረትዋን እያየሁ በደብተሬ ጻፍሁ። 30፣ 29፣ 28፣ 28፣ 27። ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ 94፣ 50 ከመቶና 26 ነበር። በአራተኛው ቀን ከመሣሪያው ወርዳ ወደ ቀጭኑ ቱቦ ተመለሰች፤ በዐሥራ አንደኛው ቀን ይዘናት ወደ ቤት ገባን። አጠገባችን የነበሩት አባት ግን በዚህ አሠራር አልተሻላቸውም። መዘግየት ራሱ ጕዳት ነውና ሐኪሞቹ ሳይቆዩ በጉሮሮ ቱቦ አስገቡላቸው። እኛ ስንወጣ ገና በመሣሪያው ላይ ነበሩ፤ ልጃቸውም ከወንበርዋ አልተነሣችም።

በኋላ የዚህን መሣሪያ ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በዴንማርክ ከተማ በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ገብቶ የብዙ ሰዎችን የመተንፈሻ ጡንቻ አሰነፈ። በብሌግዳም ሆስፒታል ብዮርን ኢብሰን የሚባል ሐኪም በአንገታቸው በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ አየር በእጅ እየተጨመቀ እንዲሰጣቸው አደረገ። ከረጢቱን የጨመቁት ተማሪዎች ነበሩ፤ 1,500 ያህል ተማሪዎች ሌሊትና ቀን እየተፈራረቁ ለወራት ሰው አስተነፈሱ። የዛሬው ቬንትሌተርና የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ያን ሳነብ አፈርሁ። እነርሱ መሣሪያ ሳይኖራቸው ነቅተው አደሩ፤ እኔ መሣሪያ አለ ብዬ ተኛሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከእናንተ መካከል አንድ ቀን አስታማሚ የማይሆን የለም። እንግዲህ ደወል ሲጮኽ ድምፁን ከማጥፋታችሁ በፊት ባለሙያ ጥሩ። በመስኮቱ ላይ ያለውን ቍጥር ከማየታችሁ በፊት የሰውየውን ፊትና ደረት እዩ። ቱቦው አፍንጫው ውስጥ መሆኑን፣ ውኃው አለማለቁን ተመልከቱ። ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

እምዬ ዛሬ ደኅና ናት፤ ጭስ እንዳይነካት ስለ ታዘዘ መጋገሩን ትታለች። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ በመጣ ቍጥር እኔን እያሳየች «ይህ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ አተረፈኝ» ትላለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ደወሉን ማን እንደ ዘጋው ግን አልነገርኋትም። ማንበብ ስለማትችል መጽሔታችን በየዓመቱ በወጣ ጊዜ የማነብላት እኔ ነኝ። ዘንድሮም ይህችን ገጽ ሳልዘል አነብላታለሁ።