በመርዙጋ አሸዋ ላይ ሦስት ሌሊት

በረሃ ሲባል እኔ የማውቀው የአፋርን ነበር። ወጣት ነርስ ሳለሁ በአፋር ቆላ በአንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ሌሊቱም እንደ ቀኑ ይሞቃል። አልጋችንን ደጅ አውጥተን፣ ነጠላችንን ውኃ ነክረን ተከናንበን ነበር የምንተኛው። ስለዚህ ጀርመን የምትኖረው ልጄ «እማዬ፣ ሞሮኮ በረሃ ውስጥ ልሮጥ ነው። ሐሳብ የሆነብኝ የሌሊቱ ብርድ ነው» ስትለኝ የቀለደች መሰለኝ።

ውድድሩ ማራቶን ዴ ሳብል ይባላል፤ በፈረንሳይኛ የአሸዋ ማራቶን ማለት ነው። ፓትሪክ ባወር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ሰሃራ ውስጥ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ከተጓዘ በኋላ በ1986 የጀመረው ነው። ሯጮቹ በደቡብ ሞሮኮ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ከፋፍለው በአንድ ሳምንት ይጨርሳሉ። ውኃና ድንኳን አዘጋጆቹ ያቀርባሉ። የሳምንቱን ምግብ፣ መኝታውንና መድኃኒቱን ግን ሯጩ ራሱ በጀርባው ይሸከማል። ሲነሳ ሻንጣው ያለ ውኃ ከ6.5 ኪሎ ማነስ፣ ከ15 ኪሎም መብለጥ የለበትም። ድንኳኑም ቢሆን ጎንና ጎኑ ክፍት ነው፤ ስምንት ሰው ተደርድሮ ይተኛበታል፣ ነፋሱም እንደ ልቡ ይገባል።

ልጄ 38 ዓመቷ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ እናት ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 ማውሮ ፕሮስፔሪ የተባለ ጣሊያናዊ በዚሁ ውድድር ላይ በአሸዋ ማዕበል መንገድ ስቶ፣ ከሳምንት በላይ ጠፍቶ አልጄሪያ ውስጥ መገኘቱን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። «ምን ጎደለሽና ነው?» ብላት «ምንም አልጎደለኝም፤ አንድ ጊዜ ልሞክረው» አለችኝ። ልከለክላት እንደማልችል ገባኝ። የቀረኝ ነገር የምትተኛበትን ማየት ነበር።

ባለፈው መጋቢት የልጅ ልጄን ልጠይቅ ስሄድ፣ ከውድድሩ በፊት ዕቃዋን እዚያው በረሃው ላይ ልትሞክር መሆኑን ነገረችኝ። «እኔም እሄዳለሁ» አልኩ። ካገር ቤት የወሰድኩላትን ጋቢ ይዛ እንድትሮጥ ብለምናት የማእድ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። 1,700 ግራም! «እማዬ፣ ይኼ እኮ የሦስት ቀን ምግቤ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ጋቢውን በራሴ ሻንጣ ከተትኩት።

ከማራካሽ ተነስተን በመኪና የአትላስን ተራራ ተሻገርን። ቲዚ ንቲሽካ የሚባለው መተላለፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,260 ሜትር ነው፤ ዙሪያው ባሉት ጫፎች ላይ ገና በረዶ ነበር። ዋርዛዛት አደርን። በማግስቱ በቲንጊር፣ በኤርፉድና በሪሳኒ አልፈን፣ መንገዱ ሊያልቅ ሲል የኤርግ ሸቢ የአሸዋ ተራሮች ብርቱካን መስለው ብቅ አሉ። መርዙጋ በእነሱ ግርጌ ያለች መንደር ናት። አልጄሪያ ሩቅ አይደለም።

ያሳደሩን ሰው የአካባቢው አማዚግ ናቸው። በናና ያፈሉትን ሻይ ከፍ አድርገው እየቀዱ፣ ልጄ የመረጠችውን ቦታ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሁለት የአሸዋ ክምር መካከል ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ነበር። ከነፋስ ይከልላል፤ ነገር ግን ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወርዶ እዚያ ይተኛል። ከፍ ብለን፣ ጀርባችንን ለነፋስ ሰጥተን እንድንተኛ አደረጉን።

ልጄ ሁለት ስሊፒንግ ባግ የሚባሉ የመኝታ ከረጢቶች ይዛለች፤ ሁለቱም የላባ ናቸው። አንዱ 410 ግራም፣ ሌላው 720 ግራም። አብረዋት የሚለማመዱት ወንዶች «ቀላሉ እስከ 7 ዲግሪ ይበቃል» ብለዋት ልቧ ወደዚያ አድልቷል። መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን አነበብኩ። 7 ዲግሪ ከሚለው በላይ 12 የሚል ሌላ ቁጥር አለ። ልጄ ስታስረዳኝ፣ በአውሮፓ መለኪያ መሠረት የላይኛው ቁጥር ሴት ሳይበርዳት የምትተኛበት ነው፤ ታችኛው ደግሞ ወንድ ኩርምት ብሎ የሚችለው። ሦስተኛ ቁጥር ሲኖር ነፍስ ለማትረፍ እንጂ ለመተኛት አይደለም። «ታዲያ ያንቺ ቁጥር 12 ነው እኮ» አልኳት። «እስቲ እንየው» አለች።

የመጀመሪያውን ቀን ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ሮጣ መጣች። ቀን 27 ዲግሪ ነበር። ማታ በአየር የሚነፋውን ምንጣፏን አንጥፋ፣ ቀላሉ ከረጢት ውስጥ ገባች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጥርስ መንገጫገጭ ቀሰቀሰኝ። ምንጣፉን የግራር እሾህ ወግቶት አየሩ ሁሉ ወጥቷል፤ ልጄ አሸዋው ላይ ተኝታለች። እግሯን ብዳስሰው በረዶ ሆኗል። ጋቢውን ደረብኩላት፣ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ አጠጣኋት። ሊነጋጋ ሲል ቴርሞሜትሬ 6 ዲግሪ አለ።

በአዋላጅ ክፍል ውስጥ ለተማሪ ነርሶች መጀመሪያ ከምናስተምራቸው ነገሮች አንዱ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ሙቀቱን በአራት መንገድ እንደሚያጣ ነው። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው፣ ነፋስ ሲያገኘው፣ እርጥበቱ ከገላው ሲተን፣ እንዲሁም ሙቀቱ በጨረር መልክ ዙሪያውን ወዳለው ቀዝቃዛ ነገር ሲሄድ። ስለዚህ እናደርቀዋለን፣ ቆብ እናደርግለታለን፣ ከእናቱ ደረት ላይ እናስጠጋዋለን። ልጄን ሳያት ያው ነበር። ቀኑን ሙሉ ሮጣ ጉልበቷን ጨርሳለች፣ ላብ የጠጣ ካናቴራዋን ሳትቀይር ተኝታለች፣ ራሷ አልተሸፈነም፣ ጀርባዋ መሬት ነክቷል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋ ነው፤ ለዚህም የግድ በረዶ አያስፈልግም።

በሁለተኛው ሌሊት በአየር የሚነፋውን ትተን የስፖንጅ ምንጣፍ ዘረጋን። ስፖንጅ እሾህ አይፈራም። ከትከሻ እስከ ዳሌ እንዲበቃ ብቻ ስንቆርጠው 200 ግራም መጣ፤ እግሯ ባዶ ሻንጣዋ ላይ አረፈ። ሰው ሲተኛበት የከረጢቱ ላባ ከሥር ስለሚጨፈለቅ ከመሬት የሚያድነው ምንጣፉ ነው። ደረቅ ካልሲና ደረቅ ልብስ ለብሳ፣ ቆብ አድርጋ፣ ሳትተኛ ራቷን በልታ ገባች። ያን ሌሊት አልተንቀጠቀጠችም፤ ግን ሊነጋ ሲል ነቃች፣ መልሳም አልተኛች። በሦስተኛው ሌሊት ትልቁን ከረጢት ሞከረች። ፀሐይ ወጥታ እኔ ነኝ የቀሰቀስኳት።

የሁለቱ ከረጢቶች ልዩነት 310 ግራም ነው። ለሯጭ ይህ ቀላል አይደለም፤ በየእርምጃው የሚሸከመው ነው። እኔም ግራምን አልንቅም፤ ከቀኑ ቀድሞ የተወለደ ሕፃን 50 ግራም ሲጨምር ስንደሰት የኖርን ሰዎች ነን። ስለዚህ ዕቃዋን ሁሉ አሸዋው ላይ ዘርግተን የሚቀነስ ፈለግን። ትርፍ ሱሪዋ ወጣ፤ 190 ግራም። ምግቧን ከፋብሪካ ማሸጊያው አውጥተን በስስ ላስቲክ ስናደርገው 120 ግራም ቀነሰ። ትልቁ ከረጢት ገባ።

ከእንግዲህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ «ሰሜን ተራሮች ልወጣ ነው» ሲላችሁ ብርድ ልብስ ከመደራረብ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ከሥር ምን ታነጥፋለህ? ለመኝታ ብቻ የምታስቀምጠው ደረቅ ልብስ አለህ? ራስህንስ በምን ትሸፍናለህ? የላባ ከረጢት ከያዘም በላስቲክ ይጠቅልለው፤ ላባ ከራሰ አያሞቅም።

ልጄ በሚያዝያ ሮጣ ጨረሰች። በስልክ ስንገናኝ ስለ ጫማዋ፣ ስለ ውኃ መያዣው አረፋ፣ ስለ አሸዋው ብዙ አወራችኝ። ስለ ሌሊቱ ስጠይቃት «ተኝቻለሁ እማዬ» ብቻ አለች። እኔም ከዚያ በላይ አልፈለግሁም። ጋቢው ግን ጀርመን ቀርቷል። ቤቷ ስትገባ በእሱ ተጠቅልላ እስከ ማግስቱ ቀትር እንደተኛች የነገረችኝ የልጅ ልጄ ናት።