የታሰረችው ንግሥት

አባባ ገርጂ ቤታችን ሲመጡ ከ9 ዓመቱ ልጄ ጋር ቼዝ ይጫወቱ ነበር። ልጁ በንግሥቷ ቶሎ ቶሎ ሲያሸንፋቸው ግን «ዓይኔ ደክሟል» እያሉ መተው ጀመሩ።

ባለፈው ቅዳሜ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መኳንንቱ ይጫወቱት በነበረው በሀገራችን ሰንጠረዥ ሕግ ሞከርን። በዚያ ሕግ በንግሥቷ ቦታ የሚቆመው ሹም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅም የለም፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ሁለቱም እንዳሻቸው ያሰልፋሉ። ይህም «ወረራ» ይባላል።

ልጄ ሲጣደፍ አባባ እጁን እያዩ ረጋ ብለው አሰለፉ። እውነት ለመናገር፣ የዘመኑ ሕግ ጨዋታውን ያሞቀዋል። የድሮው ግን ለአዛውንት ፋታ ይሰጣል።

አባባ አሁንም ተሸነፉ። ሲወጡ ግን ልጄን «ቅዳሜ እስክመለስ ንግሥቷን እንዳትፈታት» አሉት።