ከመስታወቱ ጀርባ

ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት

የአክስቴ ልጅ ባል ሽጉጥ ከገዛ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተኩስ መለማመጃ ይሄዳል። «ጋሼ፣ ይምጡና ይዩልኝ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። እኔ በጎብኚ ቪዛ የገባሁ ነኝና መሣሪያ መጨበጥ አይፈቀድልኝም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንደኔ ያለው እንግዳ፣ የአደን ፈቃድን የመሰለ ምክንያት ከሌለው በቀር፣ ሽጉጥም ጥይትም እንዳይዝ ይከለክላል። መሣሪያ በየሱቁ በሚሸጥበት አገር ይህን መስማት ገርሞኛል። ከወፍራም መስታወት ጀርባ ወንበር ሰጡኝ። ውስጥ ያሉት ጆሯቸው ላይ ሁለት ነገር ደርበዋል፤ አንዱ የሚወተፍ፣ ሌላው ከላይ የሚደፋ። የሽጉጥ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ስለሚያልፍ፣ በዝግ ቤት ደግሞ ግድግዳው መልሶ ስለሚያስተጋባው፣ አንዱ ብቻውን አይበቃም።

እኛ አገር ተኳሽ ሲወደስ የሚነሣው ልቡና ዓይኑ ነው። ስለ ጣቱ የሚያወራ ፉከራ ሰምቼ አላውቅም። እዚህ ግን አሰልጣኟ፣ ጡረታ የወጣች ፖሊስ፣ ሌላ ወሬ የላትም።

ዒላማው ሰባት ያርድ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ተሰቀለ። ቅርብ ነው፤ ድንጋይ ወርውሬ የማልስተው። የኛ ሰው ግን ቀዳዳዎቹን ሁሉ ከመሐል ወደ ታችና ወደ ግራ ደረደራቸው። ማነጣጠሪያው ተዛብቷል ብሎ ሊሟገት ሲጀምር ካዝናውን ተቀበለችው፤ ጀርባዋን ሰጥታ ከእውነተኞቹ ጥይቶች መካከል ባሩድ የሌላቸው የፕላስቲክ ጥይቶች ቀላቅላ መለሰችለት። የትኛው መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። አንድ ሁለት ተኮሰ። ከዚያ ቃታውን ሳበና ጸጥ አለ፤ አፈሙዙ ግን፣ ምንም ሳይፈነዳ፣ ድንገት ወደ ታች ወረደ። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ እንኳ አየሁት።

ነገሩ ይህ ነው፦ ፍንዳታው እንደሚመጣ ያወቀ አካል ቀድሞ ይጨማደዳል። ቀኝ እጁ ሙሉ በሙሉ ሲጨብጥ ሽጉጡን ወደ ታችና ወደ ግራ ይገፋዋል። ጥይቱ እውነተኛ ሲሆን ርግጫው ይህን ይሸፍነዋል፤ ተኳሹም ዓይኑን ወይም መሣሪያውን ይከሳል። የእጅ መንቀጥቀጥን ማንም አያጠፋውም፣ በዚህ ርቀት የሚያስከፍለውም ጥቂት ነው። የሚያስከፍለው ድንገተኛው ጎተታ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ለእኔ ይበልጥ ከበደኝ። ዓይን የኋላውን ማነጣጠሪያ፣ የፊቱንና ዒላማውን በአንድ ጊዜ አጥርቶ አያይም። ስለዚህ የፊቱ ማነጣጠሪያ ይጥራ፣ ዒላማው ይደብዝዝ ትላለች። የሚያስፈራህን ነገር ትተህ የሽጉጡ ጫፍ ላይ ያለችውን ቁራጭ ብረት እይ ማለት ነው!

ግድግዳው ላይ አራት ደንቦች ተለጥፈዋል፦ መሣሪያ ሁሉ እንደ ጎረሰ ይቆጠር፤ አፈሙዝ ሊመታ ወደማይገባው አይዙር፤ ጣት እስኪያነጣጥሩ ከቃታ ይራቅ፤ ዒላማውና ከኋላው ያለው ይታወቅ። በዚህ መልክ ያሠራጫቸው ጄፍ ኩፐር ይባላል፤ የባሕር ወለድ ጦር መኮንን የነበረና እ.ኤ.አ. በ1976 አሪዞና ውስጥ የሽጉጥ ትምህርት ቤት የከፈተ ሰው ነው። የተኩስ ትምህርት ከተነሣ፣ ዛሬ ስሙ ከፖለቲካ የማይለየው የአሜሪካ የጠመንጃ ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ፌርፋክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ያቋቋሙት ሁለት የሰሜን ጦር መኮንኖች፣ ዊልያም ቸርችና ጆርጅ ዊንጌት፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ወታደሮቻቸው ዒላማ መምታት ባለመቻላቸው ተማርረው ነበር።

ጎን ያለው ወጣት ሃምሳ ጥይት የሚይዘውን ሳጥን በፍጥነት ጨረሰና ሌላ ከፈተ። ወረቀቱ ተበጣጥሷል፣ እሱ ግን የተሻሻለ አልመሰለኝም። አሰልጣኟ ለኛው ሰው የሰጠችው የቤት ሥራ ጥይት የለበትም፦ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ደጋግሞ ማየት፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ፣ የፊቱ ማነጣጠሪያ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ሳይወድቅ ቃታ መሳብ። በቀን አሥር ደቂቃ።

ስንወጣ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበ፤ ከጥይቱ የሚወጣው የእርሳስ ብናኝ እጅ ላይ ይቀራል። በእጅ ለምንበላ ለእኛ ይህ ቀልድ አይደለም። አሌክሳንድሪያ እራት ስንቀርብም ሚስቱ እንደገና ካልታጠበ ጉርሻ አልሰጥም አለች። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የገዛው አንድ ሳጥን ጥይት ብቻ ነው።